የተሰረዘው ጥያቄ መልስ ማን ጋ ደረሰ? የቻትጂፒቲ የመጋቢት 11 ብልሽት

ሰኞ መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 20 ቀን 2023፣ ቻትጂፒቲን ከከፈቱ ሰዎች አንዳንዶቹን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። በስክሪኑ ግራ በኩል የድሮ ጭውውቶች ርዕስ ይደረደራል። የዚያን ቀን የተደረደረው ግን የእነሱ አልነበረም። ጽፈውት የማያውቁት ርዕስ ነው። አንዳንዱ ጋ ጭራሽ በቻይንኛ የተጻፈ መጣ።

እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «አካውንቴ ተጠለፈ» ብሎ ነው። ፓስዎርድ መቀየር ይጀምራል። የተጠለፈ አካውንት ግን አልነበረም። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ አገልግሎቱን ዘጋው። በኋላ መጀመሪያ አገልግሎቱን፣ ቀጥሎ የጭውውት ታሪኩን መለሰ። የጥቂት ሰዓታት ታሪክ ግን ሳይመለስ ቀረ።

ዓርብ ማርች 24 ድርጅቱ ዝርዝር ማብራሪያ ሲያወጣ ጉዳዩ ከርዕስ ያለፈ መሆኑ ታወቀ። የሌላ ሰው ርዕስ ከመታየቱ በተጨማሪ፣ ሁለት ሰዎች በተቀራራቢ ሰዓት እየተጠቀሙ ከሆነ የአንዱ አዲስ ጭውውት የመጀመሪያ መልእክት በሌላው ታሪክ ውስጥ ሊታይ ይችል ነበር። የባሰው ደግሞ የክፍያ መረጃ ነው። በ9 ሰዓት ጊዜ ውስጥ አገልግሎቱን ሲጠቀሙ ከነበሩት የቻትጂፒቲ ፕላስ (የሚከፈልበት አገልግሎት) ደንበኞች የ1.2 በመቶዎቹ መረጃ ለሌላ ሰው ታይቶ ሊሆን ይችላል ተባለ። ስም፣ ኢሜይል፣ የክፍያ አድራሻ፣ የካርዱ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች፣ ካርዱ የሚያልቅበት ቀን። ሙሉ የካርድ ቁጥር አልወጣም።

9 ሰዓቱ በካሊፎርኒያ ሰዓት ከሌሊቱ 1:00 እስከ ጠዋቱ 10:00 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ መሀል «አካውንቴ» ውስጥ ገብቶ የደንበኝነት ገጹን የከፈተ ሰው የሌላ ሰው መረጃ ሊያይ ይችል ነበር። አንዳንድ የክፍያ ማረጋገጫ ኢሜይሎችም ለማይመለከተው ሰው ሄደዋል።

ሀከር የለም። የተሰበረ ፓስዎርድ የለም። የመብት ፍተሻ ላይ የተሳሳተ ኮድም አልነበረም። ሁሉንም ያመጣው ማንኛችንም በየቀኑ የምናደርገው ነገር ነው፤ ተጀምሮ ሳያልቅ የተሰረዘ ጥያቄ።

ጉዳዩን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ስለ ታይምአውት፣ ማለትም መልስ ለመጠበቅ ስለሚሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ቁጥሩ ነው። 5 ሰከንድ ይሁን 30? ቁጥሩ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ጥያቄ ሰዓቱ ሲያልፍ በግማሽ የቀረው ነገር የማን ኃላፊነት ነው የሚለው ነው።

ኮኔክሽኑ ላይ ምን ሆነ

ቻትጂፒቲ የተጠቃሚ መረጃ ካሽ የሚያደርገው፣ ማለትም ቶሎ እንዲገኝ ቅጂውን በቅርብ የሚያስቀምጠው፣ ሬዲስ በሚባል ማከማቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ዋናውን ዳታቤዝ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ፈጣኑ ሬዲስ ይመልሳል። ጭነቱ ብዙ ስለሆነ በሬዲስ ክላስተር ብዙ ማሽኖች ላይ ተከፋፍሏል። ሰርቨሩ የተጻፈው በፓይተን ሲሆን የሚሠራው ብዙ ሥራዎችን እያፈራረቀ በሚያስኬደው የፓይተን ክፍል፣ በአሲንክአይኦ ነው። ሰርቨሩንና ሬዲስን የሚያገናኘው ሬዲስ-ፓይ የሚባል ክፍት ላይብረሪ (ማንም የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ነው።

ላይብረሪው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ኮኔክሽን አይከፍትም። ያ ውድ ነው። የተከፈቱ ኮኔክሽኖችን ፑል በሚባል የጋራ ቦታ ውስጥ ያስቀምጣል። አንዱ ጥያቄ ያወጣል፣ ይጠቀማል፣ ይመልሳል። ቀጣዩ ያንኑ ያነሳል። የኔ ኮኔክሽን የሚባል ነገር የለም፤ የጋራ ነው።

አሁን ወደ ሬዲስ ፕሮቶኮል፣ ወደ መነጋገሪያ ደንቡ፣ እንምጣ። ትእዛዝ ይልካሉ፣ መልስ ይመጣል። መልሱ ላይ «ይህ ለእንትን ጥያቄ የተሰጠ ነው» የሚል ቁጥር የለም። የሚዛመዱት በቅደም ተከተል ብቻ ነው። መጀመሪያ የተላከው መጀመሪያ ይመለስለታል። ቁጥር የማይሰጥበት ሳንድዊች ቤት ማለት ነው። አንዱ አዝዞ ሰልችቶት ከሄደ፣ የእሱን እንቁላል ሳንድዊች የሚቀበለው ከኋላው የቆመው ነው። እሱም ያዘዘው መስሎት ይወስዳል።

ይህን በኮድ እንየው። ሬዲስ ውስጥ ሁለት ነገር እናስቀምጥ። «ፉ» በሚል ቁልፍ «ፉ» የሚል ጽሑፍ፣ «ባር» በሚል ቁልፍ «ባር» የሚል ጽሑፍ። አንድ ኮኔክሽን ብቻ እንጠቀም። በመሀል መልሱን ትንሽ የሚያዘገይ ነገር እናስገባ፣ ኔትወርኩ ቀስ ያለ እንዲመስል።

መጀመሪያ «ፉን አምጣ» ብለን እንልካለን። ትእዛዙ ወጥቷል። ሬዲስ ተቀብሎታል። መልሱ መንገድ ላይ ነው። በዚህች ቅጽበት ታስኩን (ሥራውን) ካንስል እናደርገዋለን፣ ማለትም እንሰርዘዋለን። ፕሮግራማችን «እሺ፣ ተሰርዟል» ይላል።

ቀጥሎ «ባርን አምጣ» እንላለን። መልሱ ምን ይሆናል? «ፉ»።

ቀጥሎ ሬዲስ በሕይወት አለ ወይ ብለን ፒንግ እንልካለን። መልሱ ፖንግ መሆን ነበረበት። የሚነበበው ግን «ባር» ነው። ላይብረሪው ፖንግ ስላላገኘ ሐሰት ብሎ ይመልሳል፤ ሬዲስ የሞተ ይመስላል፣ አልሞተም። ቀጥሎ ደግመን «ፉን አምጣ» ስንል «ፖንግ» የሚል ጽሑፍ ይሰጠናል።

ልብ በሉ፣ የተሰረዘው አንድ ጥያቄ ነው። የተበላሸው ግን ከእሱ በኋላ በዚያ ኮኔክሽን ላይ የሚሄደው ሁሉ ነው። አንድ መልስ ከኋላ ቀርቶ ሁሉንም በአንድ ደረጃ ገፋቸው። ኮኔክሽኑ እስኪዘጋ ድረስ ራሱን አያስተካክልም። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ምንም የተዘጋ ሶኬት የለም፣ ሎግ ላይም ቀይ መስመር ላይኖር ይችላል።

ኮዱ ውስጥ የሚገርመው ቦታ የት ነው? እንዲህ ያለ ኮድ ሁላችንም እንጽፋለን። ኮኔክሽን አውጣ። ትእዛዝ ላክ። መልስ ጠብቅ። በመጨረሻም፣ ስህተት ቢኖርም ባይኖርም፣ ፋይናሊ ብሎክ ውስጥ ኮኔክሽኑን ወደ ፑል መልስ። ጥሩ ጨዋ ኮድ ነው። ኮኔክሽን እንዳይባክን ተጠንቅቋል። ካንስል ሲመጣ ፋይናሊው ግዴታውን በደንብ ተወጣና፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያለውን ኮኔክሽን ለቀጣዩ ሰው አስረከበ። ቀጣዩ ሰው ደግሞ ሌላ ተጠቃሚ ነው።

ፓይተን ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። አሲንክአይኦ ታስክን ካንስል የሚያደርገው ታስኩ በሚጠብቅበት መስመር ላይ፣ ማለትም አዌይት ላይ፣ ካንስልድኤረር የሚባል ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) በመወርወር ነው። ይህ ኤክሴፕሽን ከፓይተን 3.8 ጀምሮ፣ ከ2019 ማለት ነው፣ ከተራው የኤክሴፕሽን ቤተሰብ ወጥቶ በቀጥታ ከቤዝኤክሴፕሽን ሥር ገብቷል። ምክንያቱ ጥሩ ነው። «ማንኛውም ስህተት ከመጣ ዋጥ አድርግና ቀጥል» የሚል ኮድ የካንስል ትእዛዝን አብሮ እንዳይውጥ ነው። ግን ውጤቱ ሌላም ነው። «ስህተት ከመጣ ኮኔክሽኑን ዝጋ» የሚለውን ጽዳት ተራውን ቤተሰብ ብቻ በሚይዘው ኤክሴፕት ኤክሴፕሽን ሥር የጻፈ ሰው ካንስል ሲመጣ ጽዳቱ አይሠራለትም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ይሠራል። ሬዲስ ስህተት ሲመልስ ይሠራል። ካንስል ግን በጎን ያልፈዋል።

ለምን ያን ቀን?

ባጉ፣ ማለትም የኮዱ ስህተት፣ የዚያን ቀን አልተወለደም። ላይብረሪው ውስጥ ነበር። ኦፕንኤአይም ጥቂት የማረጋገጫ ኢሜይሎች ከማርች 20 በፊትም ለተሳሳተ ሰው ሄደው ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። ታዲያ ለምን ሰኞ ሌሊት ፈነዳ?

በካሊፎርኒያ ከሌሊቱ 1 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ላይ አንድ ለውጥ ተደረገ። ለውጡ ሳይታሰብ የሬዲስ ጥያቄዎች በብዛት ካንስል እንዲሆኑ አደረገ። ለመፈንዳቱ ይህ ብቻ በቃ። አንድ ካንስል ኮኔክሽን የሚያበላሸው በጠባብ ሰዓት ላይ ከገጠመ ብቻ ነው፤ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ፣ መልሱ ከመነበቡ በፊት። ሬዲስ ፈጣን ስለሆነ ያ ክፍተት እጅግ አጭር ነው። ካንስል በቀን አልፎ አልፎ ከሆነ ክፍተቷን ላያገኛት ይችላል። ካንስል ሲጎርፍ ግን ያገኛታል።

ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ አስፈሪው ይሄ ነው። ካንስል የሚበዛው መቼ ነው? ሲስተሙ ሲጨናነቅ ነው። ሬዲስ ሲዘገይ ታይምአውት ይበዛል። ታይምአውት ማለት ደግሞ በአሲንክአይኦ ካንስል ማለት ነው፤ «ዌይት ፎር»ም ሆነ በፓይተን 3.11 የመጣው «አሲንክአይኦ ታይምአውት» ሰዓቱ ሲደርስ ውስጥ ያለውን ካንስል ነው የሚያደርጉት። ተጠቃሚው ገጹ አልከፍት ሲለው ሪፍሬሽ ይጫናል፣ አሮጌው ጥያቄ ይቋረጣል። ሰርቨር ሲዘገይ ደግሞ ክፍተቷ ራሷ ትሰፋለች፣ መልሱ መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማልና። ስለዚህ ባጉ ጸጥ ባለ ቀን ይደበቃል፣ ሁሉም ሰው ላብ በላብ በሆነበት ቀን ይወጣል። የእኛ ዓይነት የሚቆራረጥ ኔትወርክ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ክፍተት ሰፊ አድርጎ ነው የሚኖረው።

አንድ ነገር ብዙዎቹን ተጠቃሚዎች አድኗቸዋል። የተሳሳተው መልስ ብዙ ጊዜ ዓይነቱ አይገጥምም። ኮዱ የተጠቃሚ መረጃ ሲጠብቅ ቁጥር ይመጣበታል። ይወድቃል፣ ለተጠቃሚው ስህተት ይታያል፣ ደግሞ ይሞክራል። ኦፕንኤአይ እንዳለውም አብዛኛው ጊዜ የሆነው ይሄ ነው። አደጋው የመጣው ዓይነቱ ሲገጥም ነው። የተጠቃሚ መረጃ ተጠበቀ፣ የተጠቃሚ መረጃ መጣ። ቅርጹ ትክክል ነው፣ ሁሉም መስክ ተሞልቷል። ባለቤቱ ብቻ ሌላ ነው።

ሁለት ጊዜ የተጠገነ ባግ

ባጉ የደህንነት ጉድለት ተብሎ ቁጥር ተሰጠው፤ ሲቪኢ-2023-28858። ሬዲስ-ፓይ 4.5.3 ወጣ፣ ለቆዩት መስመሮችም 4.3.6 እና 4.4.3። ጉዳዩ ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። መጀመሪያ የተጠገነው ፓይፕላይን ነበር፤ ብዙ ትእዛዞችን በአንድ ላይ የሚልከው መንገድ። ተራው መንገድ፣ አንድ ትእዛዝ ልኮ አንድ መልስ የሚጠብቀው፣ አሁንም ያፈስ ነበር። ሁለተኛ ቁጥር ተሰጠ፤ ሲቪኢ-2023-28859። 4.4.4 እና 4.5.4 ወጡ። ዜናውን ሰምቶ በፍጥነት 4.5.3 የጫነና «ተገላገልኩ» ያለ ሰው አልተገላገለም ማለት ነው። የጥገና ዜና ሲሰማ የቨርዥን ቁጥሩን ከሳምንት በኋላ ደግሞ ማየት ይጠቅማል።

የጥገናው መንገድ ራሱ መነጋገሪያ ነው። ሁለት ምርጫ አለ።

አንደኛው ሺልድ ነው። የሬዲሱን ሥራ በአሲንክአይኦ ሺልድ ይሸፍኑታል። ካንስል ሲመጣ ጠያቂው ወዲያው ይለቀቃል፣ የውስጡ ሥራ ግን ከበስተጀርባ ይቀጥላል። መልሱን ያነባል፣ ይጥለዋል፣ ንጹሁን ኮኔክሽን ወደ ፑል ይመልሳል። የመጀመሪያዎቹ ጥገናዎች በዚህ ነው የሄዱት። ሐሳቡ ያምራል። ግን ሬዲስ ራሱ ተጣብቆ ከሆነስ? ጠያቂዎቹ ሁሉ ታይምአውት ሆነው ሄደዋል፣ የተሸፈኑት ሥራዎች ግን ኮኔክሽን እንደያዙ ተቀምጠዋል። ፑሉ ያልቃል። ታይምአውት ያስቀመጥነው ይህ እንዳይሆን ነበር።

ሁለተኛው ጭካኔ ያለበት ነው። ትእዛዝ ወጥቶ መልሱ ሙሉ በሙሉ ሳይነበብ ማንኛውም ነገር ከተፈጠረ ኮኔክሽኑን ዝጋው። ካንስልም ይሁን ሌላ። መልሱ ቢመጣ የሚደርስበት ሶኬት የለም፣ ስለዚህ ማንም ጋ ሊደርስ አይችልም። ላይብረሪው ቆይቶ በወጡት ቨርዥኖች ወደዚህ ነው የመጣው። ዋጋው አዲስ ኮኔክሽን መክፈት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ላለ ሬዲስ ይህ ኢምንት ነው። ቲኤልኤስ (የኮኔክሽን ምስጠራ) ያለበት ሩቅ ሰርቨር ከሆነ ይሰማል፤ ታይምአውት ሲጎርፍ ደግሞ የኮኔክሽን ጎርፍ ይከተላል፣ የታመመውን ሰርቨር ይበልጥ ያስጨንቃል።

እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ሳላመነታ። ዝግታ የሚታይ ችግር ነው። ግራፍ ላይ ይወጣል፣ ሰው ይደውላል። የሌላ ሰው መረጃ ማሳየት ግን ግራፍ ላይ አይወጣም።

ኦፕንኤአይ ከላይብረሪው ጥገና በተጨማሪ የራሱን ኮድም ነካ። ከካሽ የመጣው መረጃ የጠያቂው ተጠቃሚ መሆኑን የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ፍተሻ አስገባ። ይህች ከሁሉም ርካሿ ናት። ካሽ ውስጥ ስታስቀምጡ የባለቤቱን መለያ መረጃው ውስጥ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ስታነቡ ከጠያቂው ጋር አነጻጽሩ። ካልገጠመ ጣሉትና ዳታቤዙን ጠይቁ። አንድ መስመር ኮድ ነው። «ቁልፉ ውስጥ መለያው አለ እኮ፣ ለምን ደግሜ አያለሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁልፉ የሚናገረው ምን እንደጠየቃችሁ ነው። ምን እንደመጣላችሁ አይናገርም።

በነገራችን ላይ፣ ያኔ «የክፍት ሶርስ ላይብረሪ ጥፋት ነው» የሚል ርዕስ በየቦታው ነበር። ባጉ እዚያ መሆኑ እውነት ነው። ግን የኦፕንኤአይ ሲስተም ራሱ «ካሽ የሰጠኝን አምናለሁ» ብሎ የቆመ ነበር። ጠብታውን ጎርፍ ያደረገው ለውጥም ከላይብረሪው አልመጣም።

ጉዳዩ ከቴክኒክ ክፍል ወጥቶ ሕግ ዘንድም ደረሰ። የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ማርች 31 ቻትጂፒቲ በአገሪቱ እንዲታገድ ሲያደርግ የማርች 20ውን የመረጃ መውጣት ጠቅሷል። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፣ የዕድሜ ማረጋገጫን ጨምሮ። አገልግሎቱ ወደ ጣሊያን የተመለሰው ኤፕሪል 28 ነው።

ሬዲስ የማይጠቀም ሰውስ?

ጥያቄው አንድ ነው፤ ካንስል ስናደርግ በሽቦው ላይ የሚሰረዝ ነገር አለ ወይ? መልሱ በየፕሮቶኮሉ ይለያያል።

ዌብ የሚነጋገርበት ኤችቲቲፒ 1.1 ልክ እንደ ሬዲስ ነው፤ መልስ በቅደም ተከተል ነው የሚመጣው፣ መለያ ቁጥር የለውም። ስለዚህ የተላከን ጥያቄ መተው የሚቻለው ኮኔክሽኑን በመዝጋት ነው። የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኤችቲቲፒ ክላየንት (ጥያቄ የሚልከው ኮድ) ጥያቄው ሲሰረዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኤችቲቲፒ 2 ግን እያንዳንዱን ጥያቄ በራሱ ስትሪም ቁጥር ይልካል። አንዱን ብቻ ለይቶ «ይህን ተወው» ማለት ይቻላል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ያማረ ነገር ነው። ኦክቶበር 2023 ላይ ይፋ የሆነው፣ ራፒድ ሪሴት የተባለው ጥቃት ግን ይህንኑ ውበት መሣሪያ አደረገው። ጥያቄ ልኮ ወዲያው መሰረዝ፣ ልኮ መሰረዝ። ለላኪው ምንም አያስከፍልም፣ ሰርቨሩ ግን የጀመረውን ሥራ ተሸክሞ ይቀራል። ጉግል በአንዱ ጥቃት በሰከንድ 398 ሚሊዮን ጥያቄ እንደደረሰበት ተናግሯል። መሰረዝ ለሰርቨር ነጻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። እየሠራ ያለ ኩዌሪን (የዳታቤዝ ጥያቄን) ለመሰረዝ ሌላ አዲስ ኮኔክሽን ይከፈታል፤ በእሱ ላይ የፕሮሰሱ ቁጥርና ሚስጥራዊ ቁልፍ ይላካል። ትእዛዙ ሲደርስ ኩዌሪው አልቆ ሊሆን ይችላል። ተሰርዟል የሚል ዋስትና የለም። የፓይተን ታስካችሁን ካንስል ስላደረጋችሁ ብቻ ከባዱ ኩዌሪ አይቆምም፤ ላይብረሪው ይህን ሌላ መልእክት ይልክ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ካልላከ ዳታቤዙ ማንም ለማያነበው ውጤት ሲደክም ያመሻል።

ብሮውዘር ላይ አቦርትኮንትሮለር የሚባል ማቋረጫ አለ። ፌችን (የተላከውን ጥያቄ) ያቆማል፣ ተጠቃሚው ፊት የሚዞረው ክብ ይጠፋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሥራ ግን ሰርቨሩ መቋረጡን አይቶ ራሱን ካላቆመ ይቀጥላል። መፈለጊያ ሳጥን ላይ እያንዳንዱን ፊደል ሲጽፍ አዲስ ጥያቄ የሚልክ፣ አሮጌውን የሚያቋርጥ ገጽ ካላችሁ፣ ተጠቃሚው የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ የሚሠራው ሁሉንም ሊሆን ይችላል።

የማንበብ ጥያቄ ሲሆን ብክነት ነው። የመጻፍ ሲሆን ገንዘብ ነው። በስልክ ክፍያ ስትፈጽሙ ክቡ ይዞራል፣ «ጊዜው አልፏል፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ታይምአውት «አልተከፈለም» ማለት አይደለም። «መከፈሉን አላውቅም» ማለት ነው። ሁለተኛ የተጫነ ጊዜ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥ ለእያንዳንዱ ክፍያ ስልኩ ላይ አንድ መለያ ቁጥር ማመንጨት፣ በድጋሚ ሙከራም ያንኑ ቁጥር መላክ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ካየው ሁለተኛ አያስከፍልም፣ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። ቁጥሩ በየሙከራው አዲስ የሚመነጭ ከሆነ ግን ምንም አልተሠራም።

ስለ ሰከንዶቹም አንድ ቃል። ከውጭ ያለው ታይምአውት ከውስጥ ካለው መርዘም አለበት። ስልኩ 10 ሰከንድ የሚጠብቅ ከሆነና ሰርቨሩ ለዳታቤዙ 30 ሰከንድ ከሰጠ፣ 20ውን ሰከንድ የሚሠራው ለማንም አይደለም። የተሻለው ከሰከንድ ይልቅ የመጨረሻ ሰዓቱን ማስተላለፍ ነው፤ «እስከዚህ ሰዓት ድረስ ብቻ» እየተባለ ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ይወርዳል። ጂአርፒሲ የተባለው የአገልግሎቶች መገናኛ ይህን አብሮ ይዞት ይመጣል።

ይህን ዓይነት ባግ በተራ ቴስት ማግኘት ከባድ ነው። ላፕቶፕ ላይ ያለ ሬዲስ በቅጽበት ስለሚመልስ ካንስሉ ሁሌም ይዘገያል። የሬዲስ-ፓይ ሰዎች ያደረጉት በሬዲስና በክላየንቱ መሀል ትንሽ ፕሮክሲ (አሸጋጋሪ ፕሮግራም) ማቆም ነበር። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ መልሱን ያዘገያል። ቴስቱ ፉን ይጠይቃል፣ መልሱ ፕሮክሲው ላይ ሳለ ካንስል ያደርጋል፣ ከዚያ ባርን ይጠይቅና ባር መምጣቱን ያረጋግጣል። ይህን ለራሳችሁ ሲስተም መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስትጽፉት መዘግየቱን አንድ ቁጥር ላይ አትቸክሉት፤ ካንስሉ ከመላኩ በፊት፣ በመላክና በማንበብ መሀል፣ መልሱ በግማሽ ከተነበበ በኋላም እንዲወድቅ እየቀያየራችሁ አስኪዱት። ሦስተኛው ላይ የሚወድቁ ላይብረሪዎች አሉ።